«በቅርብ ቀን» ማለት መቼ ነው?

ፒያሳ አንድ ሲኒማ ቤት በር ላይ፣ መስታወቱ ውስጥ፣ የተለጠፈ ፖስተር ነበር። ሴትየዋ ወደ ጎን ታያለች፤ ሰውየው ወደ ሰማይ። ከኋላቸው መኪና ይቃጠላል። ከሥር በቀይ ወፍራም ፊደል «በቅርብ ቀን» ይላል። መጀመሪያ ያየሁት በክረምት ነው፤ ዝናብ አባሮኝ እዚያ በር ሥር ተጠልዬ። ክረምቱ ወጣ። መስቀል አለፈ፣ ገናም አለፈ። ቀዩን ፊደል ፀሐይ መታውና ብርቱካናማ ሆነ። ፊልሙ ግን አልገባም።

አንድ ቀን አላስቻለኝም። በር ላይ ትኬት የሚቀበሉትን ሰውዬ ጠየቅኳቸው።

«ጋሼ፣ ይሄ ፊልም መቼ ነው የሚገባው?»

«በቅርብ ቀን ይላል እኮ ልጄ።»

«እሱማ ይላል። ግን መቼ?»

«አይ እንግዲህ! ዓምናም እንደዚሁ ይል ነበር።»

እኔ ፊልም ካላየሁ ሳምንቱ ያለቀ የማይመስለኝ ሰው ነኝ። ጓደኞቼም ስለሚያውቁ «ያ ፊልም መቼ ይወጣል?» እያሉ እኔኑ ይጠይቁኛል፣ ልክ እኔ እንደማወጣው። ሲገፋም የሚወቀሰው እኔው ነኝ። ስለዚህ አንድ ጊዜ ቁጭ ብዬ ልጻፈውና ልረፍ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ሆሊውድ መጀመሪያ ቀን ይቆርጣል፣ ፊልሙን ኋላ ይሠራል። እኛ መጀመሪያ ፊልሙን እንሠራለን፣ ቀኑን ኋላ እንፈልጋለን። በሠርግ እንመስለው። እነሱ አዳራሽ ይከራዩና ሙሽራ ፍለጋ ይወጣሉ። እኛ ሙሽራዋን ኩለን አስጊጠን ካቆምን በኋላ አዳራሽ እንለምናለን። ቀጠሮ ማፍረሱ የጋራ ነው። የሚፈርስበት ምክንያት ግን ለየቅል ነው።

ከሆሊውዱ ልጀምር፤ እሱ ይቀላል።

በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ማርቭል የሚባለው የአሜሪካ ፊልም ኩባንያ አንድ የአቬንጀርስ ፊልም፣ ልዩ ኃይል ያላቸው ጀግኖቹ የሚሰባሰቡበትን፣ እንደሚሠራ ተናገረ። ርዕሱ «ካንግ ዳይናስቲ» ነበር። ቀኑ ሚያዝያ 24፣ 2017 ዓ.ም. ተብሎ ተቆረጠ። ልብ በሉ፣ ገና አንድ ካሜራ አልበራም። ቀጥሎ ቀኑ ወደ ሚያዝያ 23፣ 2018 ተገፋ። ከዚያ በሐምሌ 2016 ርዕሱም፣ ክፉው ገጸ ባሕሪም ተቀየሩ። ፊልሙ «ዱምስዴይ» ተባለ። ድሮ አይረን ማን ሆኖ የሞተልን ሮበርት ዳውኒ ጁኒየር አሁን ክፉው ዶክተር ዱም ሆኖ እንደሚመለስ ተነገረ። ከዚያ ደግሞ በግንቦት 2017 ቀኑ እንደገና ተገፍቶ ታኅሣሥ 9፣ 2019 ዓ.ም. ተባለ።

ታሪኩ ሲቀየር፣ ርዕሱ ሲቀየር፣ ቀጠሮው አልተሰረዘም። ተገፋ እንጂ። ለምን? ምክንያቱም ለእነሱ ቀኑ ራሱ ንብረት ነው። መርካቶ ዋናው መንገድ ላይ ሱቅ እንደመያዝ ቁጠሩት። ምን እንደሚሸጥበት ገና ባይታወቅም ቦታው መያዝ አለበት፤ ካልተያዘ ሌላው ይይዘዋል። የበጋ ዕረፍትና የገና ሰሞን በእነሱ አገር ሰው ከነቤተሰቡ ሲኒማ የሚገባበት ጊዜ ነው። ያንን ቅዳሜና እሑድ ቀድሞ የያዘ ተፎካካሪውን ያሸሻል። በዚያ ላይ የአሻንጉሊት ፋብሪካው፣ የበርገር ቤቱ ማስታወቂያ፣ የሲኒማ ቤቶቹ ፕሮግራም፣ ሁሉም በዚያ ቀን ላይ ተንጠልጥሎ ይፈራረማል። ባለ አክሲዮኖቹም «በዚህ ዓመት ምን አለን?» ብለው ይጠይቃሉ። ባዶ ካላንደር ማየት አይፈልጉም።

ታዲያ እንዲህ በብረት የታሰረ ቀን እንዴት ይገፋል?

አንዳንዴ ሥራው አይደርስም። በኮምፒውተር የሚሠራው ምስል ብቻ ወራት ይበላል። አንዳንዴ ደግሞ ፊልሙ አልቆ ተቀምጦ ይገፋል። ዱን የተባለው የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልም ሁለተኛው ክፍል እንዲህ ሆነ። ጥቅምት 23፣ 2016 ሊወጣ ነበር። ፊልሙ ተጠናቋል። ግን በዚያው ሰሞን የአሜሪካ ተዋንያን ማኅበር ሥራ አቁሞ ነበር፤ አድማው 118 ቀን ዘለቀ። ጸሐፊዎቹ ደግሞ ከእነሱ ቀድመው ገብተውበት 148 ቀን ቆይተዋል። አንዱ ትልቁ ጭቅጭቅ ኮምፒውተር የሰው ሥራ እንዳይተካ፣ የተዋናይ መልክና ድምፅ ያለፈቃዱ እንዳይቀዳ የሚል ነበር። አድማ ላይ ያለ ተዋናይ መተወን ብቻ ሳይሆን ፊልሙን ማስተዋወቅም አይችልም። ቀይ ምንጣፍ የለም፤ ቃለ መጠይቅ የለም። ዋነኞቹ ተዋንያን ቲሞቴ ሻላሜና ዜንዳያ ወጥተው ሳያስተዋውቁት ያን የሚያህል ፊልም ማውጣት ኪሳራ ነው ተባለና ወደ የካቲት 22፣ 2016 ተሻገረ። በአድዋ ዋዜማ መሆኑ ነው።

አሁን አስቂኙን ልንገራችሁ። ያ ታኅሣሥ 9፣ 2019 የተባለው ቀን የአቬንጀርስ ብቻ አይደለም። የዱን ሦስተኛው ክፍልም በዚያው ቀን ተቀጥሯል። አድናቂዎች የሁለቱን ስም ቀላቅለው «ዱንስዴይ» ብለውታል። አንዱ ይሸሻል ብዬ ነበር የጠበቅኩት። እኛ ጋ ደግሞ ቀኑ የገና ጾም ላይ ይውላል፤ እናቴ «በጾም ሲኒማ?» ማለቷ አይቀርም።

የዚህ ዓይነቱ ግጭት ሕመሙ ትልልቆቹ ስክሪኖች ላይ ነው። አይማክስ የሚባለው ስክሪን በዓለም ላይ የተቆጠረ ነው፤ ትኬቱም ውድ ነው። ስለዚህ ጦርነቱ ማን ለስንት ሳምንት ይይዘዋል የሚል ነው። ዳይሬክተሩ ክሪስቶፈር ኖላን ለሐምሌ 10፣ 2018 የቀጠረው «ኦዲሲ» የተባለ ፊልም ሙሉ በሙሉ በአይማክስ የፊልም ካሜራ የተቀረጸ ነው። ዲጂታል አይደለም፣ እውነተኛ የሴሉሎይድ ጥቅል። ሰውየው ከዚያ በፊት የሠራው ኦፐንሃይመር በአይማክስ ጥቅሉ ርዝመቱ 18 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ክብደቱ 270 ኪሎ ገደማ ነበር። ከፒያሳ ቦሌ ኤርፖርት ደርሶ መልስ ቢዘረጋ ይበቃል ማለት ነው። ይህን ለጋሼ ብነግራቸው «ማን ይሸከመዋል?» ይሉኛል። ትክክለኛው ጥያቄም እሱ ነው። የሚሸከም ማሽንና ባለሙያ ያለበት አዳራሽ ጥቂት ስለሆነ ነው ቀኑ የሚያጣላው።

እኛ ጋ ሲደርስስ? አንድ የውጭ ፊልም አዲስ አበባ ሲኒማ ቤት በሕጋዊ መንገድ እንዲገባ የማሳያ መብቱ መገዛት አለበት። መብቱ በአገር ወይም በአገሮች ስብስብ ተከፋፍሎ ነው የሚሸጠው። ፊልሙ ዛሬ የሚመጣው በጥቅል አይደለም። የተቆለፈ ፋይል ሆኖ በሃርድ ዲስክ ወይም በኢንተርኔት ይላካል። ቁልፉ ለብቻው ይመጣል። ቁልፉ የሚሠራው ለአንድ የታወቀ ማሽን ብቻ፣ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ተብሎ ነው። ሰዓቱ ሳይደርስ ልክፈት ብትሉ አይከፈትም፤ ቀኑ ሲያልፍም ይዘጋል። አንዳንዴ ሰው ተሰብስቦ ፊልሙ የማይጀምረው ለዚህ ነው። ቁልፉ አልመጣም፣ ወይም የመጣው ለሌላ ማሽን ነው። ተመልካቹ «መብራት ጠፋ እንዴ?» ይላል። በእርግጥ እሱም ሊሆን ይችላል።

የሆሊውዱ ይብቃን። ወደ ራሳችን ልመለስ፤ የሚያሳስበኝም እሱ ነው።

የኛ ሰው ፊልም መሥራት ሲጀምር ቀን የሚባል ነገር አያስብም። መጀመሪያ የሚያስበው ብር ነው። የመጀመሪያው አማርኛ ሙሉ ፊልም «ሂሩት አባቷ ማነው?» የወጣው በ1957 ዓ.ም. ነው። «ጉማ» በ1966 ተከተለ። ዛሬ የጉማ የፊልም ሽልማት የምንለው ስሙን የወረሰው ከእሱ ነው። በዚያ ዘመን ፊልም ማለት ሴሉሎይድ ነው፤ ውድ ነው፤ ለማጠብም ውጭ አገር ይላካል። ስለዚህ ለብዙ ዓመታት የአገር ውስጥ ፊልም በጣት የሚቆጠር ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ የቪዲዮ ካሜራ ረከሰ። ወጣቶች በቪዲዮ ቀርጸው ሲኒማ ቤት ማሳየት ጀመሩ። ተመልካቹም አምባሳደርና ሲኒማ ኢትዮጵያ በር ላይ ተሰለፈ። እኔ የዚያ ሰልፍ ልጅ ነኝ። ታላቅ እህቴ እጄን ይዛ ታሰልፈኝ ነበር፤ ትኬት አልቆ የተመለስንበት ቀን አሁንም ያናድደኛል።

ታዲያ ካሜራ መርከሱ አንዱን ችግር ፈታ፣ ሌሎቹን እንዳሉ ተዋቸው። ፕሮዲውሰር የምንለው ሰው ብዙ ጊዜ ኩባንያ አይደለም። መኪናውን የሸጠ ሰው ነው። ዕቁብ የደረሰው ሰው ነው። ውጭ ካለ ወንድሙ የተበደረ ሰው ነው። ብሩ በአንድ ጊዜ አይመጣም። ሲመጣ ይቀረጻል፣ ሲያልቅ ይቆማል። ሦስት ሳምንት ቀረጻ፣ ሁለት ወር ዝም። በዚህ መካከል ዋናው ተዋናይ ለሌላ ሥራ ፂሙን ይላጫል። ልብ ብላችሁ ካያችሁ አንዳንድ ፊልም ላይ ሰውየው በር ሲገባ ፂም አለው፤ ሳሎን ሲደርስ የለውም። ሳቅን እንጂ፣ የምናየው እኮ ያለቀ ብር ነው።

ከተማውም አይጠብቅም። አንድ የማውቀው ልጅ ግማሹን ፊልም ፒያሳ አንድ ቡና ቤት ውስጥ ቀረጸ። የውስጡን ጨረሰ፤ የውጩን «ብር ስናገኝ» ብለው አቆዩት። 2016 ላይ ፒያሳ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ቡና ቤቱ ከነሰፈሩ ሄደ። ባለታሪኩ በሩን ከፍቶ ሊወጣ ነው፤ የሚወጣበት መንገድ ግን የለም። ልጁ ምን አደረገ? ታሪኩን ቀየረ። አሁን ባለታሪኩ ከዚያ ቡና ቤት አይወጣም። እውነቱን ለመናገር ከመጀመሪያው የተሻለ ሆኗል፤ ለእሱ ግን እንዲህ ብዬ አልነገርኩትም።

መንገድ ላይ መቅረጽ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። የፈቃድ ደብዳቤ ይያዛል። ደብዳቤው ቢኖርም ለየበሩ ዘበኛ ይነበባል። አራት ኪሎ ካሜራ ስትተክል ግማሹ ሰው ቆሞ ያያል፣ ግማሹ ሌንሱን እያየ ያልፋል። አንድ ልጅ ሁሌ አለ፤ «በየትኛው ቲቪ ነው?» የሚል። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ይነሳል፤ ጄኔሬተር ሲነሳ ድምፅ ይሞታል። የኛ ፊልም እግሩ የሚሰበረው ድምፅ ላይ ነው ባይ ነኝ። ምስሉ ዛሬ በጣም አምሯል። ድምፁ ግን አሁንም ከጉድጓድ ይመጣል። ሰው የሚከፍለው ለሚያየው ነው፣ ለሚሰማው አይደለም ተብሎ ስለሚታሰብ ብሩ እዚያ ጋ ሲደርስ አልቋል።

ቀረጻው አለቀ እንበል። ኤዲቲንግ፣ ከለር፣ ሙዚቃ ተጨረሱ። አሁን ሲኒማ ቤት ነው። እዚህ ጋ ሒሳቡን ካላየን ቀሪው አይገባንም።

ለምሳሌ ያህል፣ ቁጥሩ የኔ ነው፣ ትኬቱ 200 ብር ይሁን። አዳራሹ 300 ወንበር አለው፤ ግማሹ ሞላ። 150 ሰው ማለት ነው። 30,000 ብር ገባ። ሲኒማ ቤቱና ፕሮዲውሰሩ በስምምነታቸው ይካፈላሉ። እኩል ቢሆን ለፕሮዲውሰሩ 15,000 ደረሰው። ግብር ገና አልተነሳም። ፊልሙ በሁለት ሚሊዮን ብር ተሠርቶ ከሆነ ወጪውን ለመመለስ ብቻ 134 ጊዜ መታየት አለበት። በሳምንት አምስት ጊዜ ቢታይ ከስድስት ወር በላይ። ስድስት ወር ሙሉ ግማሽ አዳራሽ የሚሞላ ፊልም ስንት አይታችኋል? ሁለተኛው ሳምንት ላይ ወንበሩ ሳሳ ካለ ፊልሙ «ወረደ» ይባላል። ሲኒማ ቤቱም ክፋት የለበትም፤ ለመብራትና ለጽዳት ይከፍላል።

ስለዚህ ፕሮዲውሰሩ አንድ ጥሩ ቀን ይፈልጋል። ሁሉም የሚፈልገው ያንኑ ነው፤ ፋሲካ፣ እንቁጣጣሽ፣ ገና። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ፊልም ማስመረቅ የሚደፍር ጥቂት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ ነው። ኳስ ያለበትን ቅዳሜ ማታ ማንም አይነካም። ቀሪውን ስትቆጥሩት ዓመቱ በጣም አጭር ነው። ያቺ ጥሩ ቀን ካመለጠች ደግሞ የሚጠበቀው የሚቀጥለው በዓል ነው። ስድስት ወር «በቅርብ ቀን» እንዲህ ይገኛል።

ግን ያ የፒያሳው ፖስተርስ? ፊልሙ ሳያልቅ ለምን ተለጠፈ? ለብዙ ጊዜ ያልገባኝ ይሄ ነበር። በኋላ አንድ በሙያው ያለ ሰው ሻይ ላይ ሳቅ ብሎ ነገረኝ። «ፖስተሩን አንተ እንድታየው የተለጠፈ መስሎህ ነው?» አለኝ። ስፖንሰር እንዲያየው ነው። የፖስተሩ ፎቶ ከደብዳቤ ጋር ተያይዞ ለቢራ ፋብሪካ፣ ለባንክ፣ ለቀለም ፋብሪካ ይሄዳል። «ፊልማችን ሲኒማ ቤት ተለጥፏል፣ በቅርብ ቀን ይመረቃል፣ አርማችሁን እናስገባለን» ይባላል። ትሬለሩም አንዳንዴ እንደዚያው ነው። ከተቀረጹት ሁለት ሦስት ትዕይንቶች ላይ ተቆርጦ ቀሪውን ለመቅረጽ ብር ይለመንበታል። እኛ ማስታወቂያ ነው ብለን እናየዋለን እንጂ፣ ነገሩ የልመና ወረቀት ነው። ላም አለኝ በሰማይ ሲባል የሰማሁት ያኔ ትርጉሙ ገባኝ።

ይህን ካወቅኩ ወዲህ ፖስተር ስመለከት አልናደድም። ግን አንድ ቅሬታ አለኝ። ስፖንሰር ለማግኘት የተቆረጠ ትሬለር ተመልካቹ ስልክ ላይ ሲደርስ፣ ሰው ፊልሙን ያየው ይመስለዋል። ከዓመት በኋላ ሲወጣ «ይሄ እኮ ድሮ ነው» ይላል። ያለቀ ነገር ይዞ መምጣት ይሻላል። ብር የሚለመንበትና ሰው የሚጠራበት ወረቀት ለየብቻ ቢሆን ምን ነበር?

አዳራሽ ማጣት የድሃ ፊልም ችግር ብቻ ነው እንዳትሉ ደግሞ። ዳይሬክተሩ ኃይሌ ገሪማ «ሳንኮፋ» የተባለ ፊልሙን እ.ኤ.አ. በ1993 ሲጨርስ የአሜሪካ አከፋፋዮች አልወሰዱለትም። ምን አደረገ? ራሱ ሲኒማ ቤት እየተከራየ ከከተማ ከተማ እየዞረ አሳየው። ሕዝቡም ተሰለፈ። ዛሬ ዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት በዚያ ፊልም ስም የሚጠራ መጻሕፍት ቤት አለው። ፊልም መጨረስ ግማሽ መንገድ ነው የሚለው ነገር ከሱ ታሪክ በላይ አይብራራም።

የኛ ልጆች ግን ዛሬ ሌላ በር አገኙ፤ ዩቲዩብ። እዚህ ሒሳቡ ሌላ ነው። ረጅም ቪዲዮ ላይ ከሚገባው የማስታወቂያ ገቢ 55 ከመቶው ለባለ ቻናሉ ይከፈላል። የሚከፈለው በዶላር ነው። ትኬት የሚቆርጥ ሰው፣ አዳራሽ፣ ቀጠሮ አያስፈልግም። ግን ማስታወቂያ የሚያስነግሩት ድርጅቶች ለሁሉም ተመልካች እኩል አይከፍሉም። ሜሪላንድ ወይም ዱባይ ሆና የምታይ እህታችን፣ ኮልፌ ሆኖ ከሚያየው ወንድሟ የበለጠ ታስገባለች። ይህን የሚያውቅ ፕሮዲውሰር ፊልሙን ለማን የሚሠራ ይመስላችኋል? ናፍቆት ይበዛል። ከውጭ የመጣ እጮኛ ይበዛል። ቪላ ቤት፣ አማት፣ ድብቅ ልጅ። አልወቅስም፤ ሰው የሚከፍለውን ያያል። ግን የፊልሞቻችን ታሪክ ለምን ተመሳሰለ ለሚለው ጥያቄ የጸሐፊ ስንፍና ብቻ መልስ አይሆንም።

ሲኒማ ቤት ገብቶ ሳምንት ሁለት ሳምንት ታይቶ ዩቲዩብ መሄድም አለ። አሜሪካ ውስጥ ሲኒማ ቤት የገባ ፊልም ቤት ውስጥ ለማየት ድሮ ሦስት ወር ያህል ይጠበቅ ነበር። ከኮቪድ ወዲህ ብዙው ወደ 45 ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች ወረደ። እኛ ጋ ደግሞ ተመልካቹ «ትንሽ ልታገስ፣ ዩቲዩብ ይመጣል» ማለት ለምዷል። እሱ ሲታገስ ሲኒማ ቤቱ ይሳሳል፤ ሲሳሳ ፊልሙ ይወርዳል፤ ሲወርድ ዩቲዩብ ይመጣል። የታገሠው ሰው ልክ ሆነ። እኔም እንዲህ አድርጌ አውቃለሁ፤ ይቅር ይበለኝ።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ፤ ሁሌ ቡና ላይ የሚነሳ። «ሐሳቤን ሰረቁኝ።» ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ካሉ ካፌዎች አንዱ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ብትቀመጡ ይህን የሚል አንድ ሰው አታጡም። ስክሪፕት ያለው ሰው ስክሪፕቱን አያስነብብም። ጠረጴዛ ላይ ገልብጦ ያስቀምጠዋል። እስቲ ሕጉን እንየው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚጠብቀው ሐሳብን አይደለም። ሐሳቡ የተገለጸበትን ሥራ ነው። «ከገጠር የመጣች ልጅ ሀብታም ቤት ተቀጥራ የቤቱን ምስጢር ታገኛለች» የሚለው የማንም ነው፤ የአዳሜ ነው። አንተ የጻፍከው ንግግር፣ ትዕይንቱ፣ ቅደም ተከተሉ ግን ያንተ ነው። መብቱ የሚጀምረው ጽፈህ ወረቀት ወይም ፋይል ላይ ስታሰፍረው ነው። የግድ መመዝገብ የለበትም። የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ቢመዘገብ ግን ክርክር ቢነሳ ማስረጃ ይሆናል። ወረፋውም ቢሆን ካፌ ውስጥ በጥርጣሬ ከሚባክነው ጊዜ አይበልጥም።

ይህ ፍርሃት ከሌብነቱ በላይ የሚጎዳን ይመስለኛል። ያልተነበበ ስክሪፕት አይታረምም። ሦስት ጓደኛ አንብቦት «እዚህ ጋ አልገባኝም» ያላለው ታሪክ የመጀመሪያ አንባቢው ካሜራማኑ ነው። ስህተቱ የሚገኘው ቀረጻ ላይ ነው፤ መብራት ተከራይተው፣ ምሳ ገዝተው፣ ተዋናይ አስቀምጠው። ቀረጻው ይቆማል፣ ይጻፋል፣ ብር ያልቃል። ያኔ ፖስተሩ ይለጠፋል።

ባለፈው ቅዳሜ በዚያው በኩል አለፍኩ። ጋሼ መስታወቱን ከፍተው ፖስተሩን እየላጡ ነበር።

«ገባ እንዴ?» አልኳቸው ደስ ብሎኝ።

«ምን ይገባል? በስልክ ለቀቁት አሉ። ልጆቼ ትናንት ማታ አይተውት አደሩ።»

«እንዴት ነው?»

«መኪናው አልተቃጠለም አሉኝ። ፖስተሩ ላይ ብቻ ነው የሚቃጠለው።»

ወረቀቱ ከላይ ጀምሮ በአንድ በኩል ተላጠ። ከሥር ግን ማጣበቂያው ይዞት ተቀደደና «በቅርብ ቀን» የሚለው ብቻውን መስታወቱ ላይ ቀረ። ጋሼ በጥፍራቸው ሁለት ሦስት ጊዜ ሞከሩት። አልለቅ ሲላቸው ተዉት።

«ይሁን፣ ለሚቀጥለው ያገለግላል» አሉና መስታወቱን ዘጉት።